የናፍጣ ማሻሻያ ከመግዛት በፊት በርሜሉን መፈተሽ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከሱዳን ወሰን ብዙም በማትርቀው በአብርሃ ጅራና በአካባቢዋ የዓመቱ እርሻ ዕድል የሚወሰነው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ መሬቱን ማራስ እንደጀመረ ሰሊጡ፣ ማሽላውና ጥጡ መዘራት አለበት። መሬቱ በአብዛኛው ዋልካ በመሆኑ ዝናቡ ከጠነከረ በኋላ ጭቃው ትራክተር አያስገባም። የገባውንም ይዞ ያስቀራል። ስለሆነም በዚህ አካባቢ አንድ ትራክተር በሰኔ ወር አምስት ቀን ቆመ ማለት የአምስት ቀን ሥራ ቀረ ማለት ብቻ አይደለም። በቀን 8 ሄክታር የሚከሰክስ ትራክተር ነው ቢባል 40 ሄክታር መሬት ጊዜው አለፈበት ማለት ነው። ዘግይቶ የተዘራ ሰሊጥ ከአረሙ ጋር ይሽቀዳደማል። ለአረምና ለአጨዳ የመጡት ሳሉግ እየተባሉ የሚጠሩ ሠራተኞችም ያለ ሥራ ይቀመጣሉ። የማኅበሩ ገንዘብ ግን ወጪ መሆኑን አያቋርጥም።

ትራክተሮች በእርሻ ወቅት ከሚቆሙባቸው ምክንያቶች ብዙዎቹ ከናፍጣው ጋር የተያያዙ ናቸው። ፊልትሮ ይደፈናል፤ ኖዝል ይበላሻል፤ ፓምፕ ይጣበቃል። ይህንኑ ችግር ተከትሎ በየከተማው የመለዋወጫ መደብር መደርደሪያ ላይ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ጠርሙሶችና ጣሳዎች ይታያሉ። በጋራዥ ቋንቋ አዲቲቭ ይባላሉ፤ የናፍጣ ማሻሻያ ብንላቸው ይቀላል። በላያቸው የሚነበበው ተስፋ ብዙ ነው። ናፍጣ ይቆጥባል፣ ጉልበት ይጨምራል፣ ጭስ ያጠፋል፣ ውኃ ያስወግዳል፣ ኖዝል ያጥባል ይላል። በተለይም መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አጠቃላዩን የነዳጅ ድጎማ በሂደት ወደ ማንሣት ከገባ ወዲህ የናፍጣ ዋጋ በመጨመሩ «ይቆጥባል» የሚለው ቃል የብዙ ሰው ጆሮ ይስባል።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ፊት የሚቀርበው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የአባላቱ ገንዘብ በእነዚህ ጠርሙሶች ላይ መዋል አለበት ወይ? መዋል ካለበትስ በየትኛው ላይ? የሞተር ባለሙያዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ አጭር ነው። አንዳንዱ ማሻሻያ እውነተኛ ሥራ አለው፤ ብዙው ለቆላው እርሻ አያስፈልግም፤ አንዳንዱም ይጎዳል። ማንኛውም ማሻሻያ ግን ቆሻሻ በርሜልን ሊተካ አይችልም።

ናፍጣው እስከ ማሳው የሚያደርገው ጉዞ

የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራውን ካቆመ ወዲህ ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት ናፍጣ ሁሉ ተጣርቶ ያለቀለት ሆኖ ከውጭ የሚገባ ነው። አብዛኛውም በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው የሚመጣው። ከወደቡ በቦቴ ተጭኖ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጎንደር ይደርሳል። ከዚያም ወደ ቆላው ይወርዳል። በማደያ ጉድጓድ ይጠራቀማል፤ ከማደያው በበርሜል ይቀዳል፤ ከበርሜሉ በጀሪካን፣ ከጀሪካኑም ወደ ትራክተሩ ይገባል።

በወደቡ ላይ ጥራቱን የጠበቀ ናፍጣ በእነዚህ ሁሉ እጆች ሲያልፍ በእያንዳንዱ መገልበጥ ጥቂት ውኃና ጥቂት አቧራ ይጨመርበታል። ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ ከሆነም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የማኅበሩ መሪ ሊቆጣጠረው የሚችለው የዚህ ረጅም መንገድ የመጨረሻውን ክፍል፣ ማለትም ከማደያው እስከ ትራክተሩ ያለውን ነው። ብዙው ጉዳት የሚደርሰውም በዚሁ ክፍል ነው።

ሞተሩ ምን ይፈልጋል?

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ሞተሩን በሚገባ አሠርቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። የዲዝል ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን በኃይል አምቆ ያግለዋል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣው በኖዝል ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ፓምፑና ኖዝሉ ናቸው።

በእነዚህ ሁለት ዕቃዎች ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚንሸራተቱት ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ቢሆን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይደርሳል። በሌላ አነጋገር ዓይን ከቶ ሊያየው የማይችል የዋልካ አቧራ ለፓምፑ እንደ አሸዋ ነው። ብረቶቹንም የሚያለሰልሳቸው ሌላ ዘይት የለም፤ በብዙዎቹ ፓምፖች የሚያለሰልሳቸው ራሱ ናፍጣው ነው። ናፍጣው ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ ከያዘ ብረት ከብረት ይፋተጋል።

ቀደም ሲል ናዝሬት ላይ ይገጣጠሙ የነበሩት ቤላሩሶችና የቀድሞዎቹ ማሴይ ፈርጉሰኖች ኖዝላቸው የሚከፈተው በ200 ባር አካባቢ ግፊት በመሆኑ መጥፎ ናፍጣን ለጥቂት ጊዜ ይታገሡ ነበር። ኮመን ሬይል የተባለው አዲሱ አሠራር ያላቸው ሞተሮች ግን ከ1,600 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚሠሩ ትዕግሥት የላቸውም። ማኅበሩ አዲስ ትራክተር ገዝቶ ከሆነ የናፍጣውን ንጽሕና ከቀድሞው ይልቅ ሊጠብቅ ይገባዋል።

ውኃ፣ አቧራና ቅልቅል

በቆላው ቀን ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ በበርሜል ውስጥ ያለው ናፍጣና አየር ይነፋል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ በርሜሉ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ከአየሩ ጋር እርጥበት ይገባል። እርጥበቱም በብረቱ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። በርሜሉ ክዳኑ ወደ ላይ ሆኖ በዝናብ ከቆመ ነገሩ ይብሳል። በአናቱ ላይ የተኛው የዝናብ ውኃ ማታ በርሜሉ ሲቀዘቅዝ በክዳኑ ጥርስ በኩል ይሳባል። ክዳኑ ጠብቋል ተብሎ የተተወ በርሜል በክረምት ውኃ የሚጠጣው በዚህ መንገድ ነው።

ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከበርሜሉ ሥር ይተኛል። በውኃውና በናፍጣው መገናኛ ላይ ደግሞ ዓይን የማያያቸው ተሐዋስያን ይራባሉ። ሙቀቱ ይመቻቸዋል። የሚተዉት ነገር ጥቁር ወይም ቡናማ የሆነ የሚያዳልጥ ልጋግ ነው። ፊልትሮ ሲፈታ እንዲህ ያለ ልጋግ ከተገኘ ችግሩ ፊልትሮው ላይ ሳይሆን በርሜሉ ላይ ነው።

ቅልቅልን በተመለከተ፣ ነጭ ጋዝ ከናፍጣ የቀጠነ ነው። በብርድ አገሮች በክረምት ናፍጣው እንዳይረጋ በመጠኑ የሚቀላቅሉት አሉ። በአብርሃ ጅራ ግን ለዚህ ምንም ምክንያት የለም። የሚያስከትለው ጉልበት ማነስና የፓምፕ መፋተግ ነው። ቤንዚን መቀላቀል ግን ከዚህም የከፋ ነው። ደረጃውን የጠበቀ ናፍጣ የሚያወጣው ጢስ እሳት የሚይዘው ከ55 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ብርድ እንኳ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ጥቂት ቤንዚን የገባበት በርሜል በቆላው ፀሐይ ሥር ለሰውም ለንብረትም አደጋ ነው። ያገለገለ የሞተር ዘይት ከናፍጣ ጋር ማቃጠልም በውስጡ ያለው የብረት ብናኝና ጥላሸት ፓምፑን ስለሚጨርስ ቁጠባ አይደለም።

በሰሊጥ አገር የሚነሣ ሌላም ጥያቄ አለ። የዲዝል ሞተር በቅባት እህል ዘይት አይሠራምን? እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሠርቶ ታይቷል። ይሁን እንጂ ያልተዘጋጀ የምግብ ዘይት ከናፍጣ አሥር እጥፍ ያህል የወፈረ በመሆኑ ለጥቂት ጊዜ ቢያስኬድም ኖዝሉን በከሰል ይደፍናል። ሰሊጡም በገበያ ከናፍጣ የበለጠ ዋጋ ስለሚያወጣ ቦታው ገበያ ነው።

የማሻሻያ ዓይነቶችና ሥራቸው

ማሻሻያዎች ሁሉ አንድ አይደሉም። በጠርሙሱ ላይ ያለው ስም ምንም ይሁን ምን በሥራቸው ተከፍለው ሊታዩ ይገባል።

አንደኛው የኖዝል ማጠቢያ ነው። በኖዝል ጫፍ ላይ የሚጠራቀመውን ጥላሸት ቀስ በቀስ ያነሣል፤ እንዳይጠራቀምም ይከላከላል። እውነተኛ ሥራ አለው። ነገር ግን ተበልቶ ያለቀን ወይም የተሰነጠቀን ኖዝል አያድንም። ኖዝሉ በባለሙያ በመፈተሻ ተፈትሾ መጥፎ መሆኑ ከታወቀ መድኃኒቱ መለወጥ ነው።

ሁለተኛው የማቀጣጠል ችሎታን የሚጨምረው ነው። ናፍጣ በቶሎ የመቀጣጠል ችሎታው የሚለካው ሴቴን በተባለ ቁጥር ነው። የአውሮፓው ደረጃ ከ51 እንዳያንስ ያዝዛል፤ የአሜሪካው ዝቅተኛ ልክ 40 ነው። ይህ ማሻሻያ ቁጥሩን በጥቂት ነጥቦች ከፍ ያደርጋል። ጥቅሙ በይበልጥ የሚታየው በብርድ ጠዋት ሞተር በማስነሣት ላይ ነው። አየሩ ራሱ ሞቃት በሆነበት ቆላ ግን ናፍጣው ደህና እስከሆነ ድረስ የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው።

ሦስተኛው እንዳይረጋ የሚከላከለው ነው። ናፍጣ በጣም ሲበርድ በውስጡ ያለው ሰም ይረጋል። ይህ ጠርሙስ የተሠራው በረዶ ለሚጥልባቸው አገሮች ነው። በአብርሃ ጅራ፣ በአብደራፊ ወይም በመተማ ለእርሱ የሚከፈል ብር ሁሉ የጠፋ ብር ነው።

አራተኛው የማለስለሻ ማሻሻያ ነው። ከናፍጣ ውስጥ ድኝን ለማውጣት የሚደረገው ማጣራት የናፍጣውን የተፈጥሮ ማለስለስ ስለሚቀንስ ማጣሪያዎች ወይም አከፋፋዮች ይህንን ራሳቸው ይጨምሩበታል። ደረጃውን የጠበቀ ናፍጣ ከታወቀ ማደያ የሚቀዳ ማኅበር በላዩ ላይ ሌላ መጨመር አያስፈልገውም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን ናፍጣ በማለስለሻ አስተካክላለሁ ማለትም ትክክል አይደለም። እንዲህ ያለውን ናፍጣ አለመቀበል ይሻላል።

አምስተኛው የውኃ ማሻሻያ ሲሆን በዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሁለት ተቃራኒ ዓይነቶች በአንድ ስም ይሸጣሉ። አንዱ ውኃውን ከናፍጣው ለይቶ ወደ ታች እንዲወርድ የሚያደርግ ነው። ይህ ውኃው ከታች ተከፍቶ እንዲፈስ ስለሚረዳ ጥሩ ነው። ሌላው ደግሞ ውኃውን በናፍጣው ውስጥ በትኖ «የሚያጠፋው» ነው። ውኃው ግን አልጠፋም። በፊልትሮው አልፎ ፓምፑንና ኖዝሉን ያዝጋል፤ በጋለው ኖዝል ጫፍ ላይም በድንገት ተኖ ብረቱን ይጎዳል። በአልኮል የተሠሩትም ከዚሁ ወገን ናቸው። የውኃ መለያ ላለው ትራክተር የሚመረጠው የሚለየው እንጂ የሚበትነው አይደለም።

ስድስተኛው ተሐዋስያን ገዳይ ነው። ልጋግ በተገኘበት በርሜል ወይም ማጠራቀሚያ ላይ ይሠራል። ነገር ግን መርዝ ነው። በየሳምንቱ የሚጨመር ሳይሆን ችግሩ ሲረጋገጥ ብቻ፣ ውኃው ከወጣና በርሜሉ ከተጠረገ በኋላ የሚደረግ ነው። የሞተው ልጋግ ተላቆ ፊልትሮ ስለሚደፍን ሁለት ወይም ሦስት መለወጫ ፊልትሮ መዘጋጀት አለበት። ጓንት ማድረግ ግድ ነው። ባዶው ዕቃ ለመጠጥ ውኃም ሆነ ለምግብ ዘይት ፈጽሞ ማገልገል የለበትም።

ሰባተኛው የክምችት መጠበቂያ ነው። ናፍጣ ሲቆይ ከአየርና ከሙቀት የተነሣ ይጠቁራል፤ ሙጫ ያበጃል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ቦታ በንጽሕና የተያዘ ናፍጣ ከ6 እስከ 12 ወር ይቆያል ተብሎ ይገመታል። ከሰኔ እስከ አጨዳ የሚጠቀሙ ማኅበራት ከዚህ ጊዜ ስለማያልፉ በመጀመሪያ የገባውን በመጀመሪያ ማውጣት ብቻ ይበቃቸዋል።

የጠርሙሱን ሒሳብ መሥራት

ሻጭ ስለ ጠርሙሱ ዋጋ ሲናገር የማኅበሩ መሪ ስለሚታከመው በርሜል ዋጋ መጠየቅ ይኖርበታል። ለምሳሌ አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ «አንድ ለአንድ ሺህ» የሚል ከሆነ 1,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር አምስት በርሜል ያክማል። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝና «አንድ ለሁለት መቶ» የሚል ትንሽ ጠርሙስ ግን የሚያክመው 50 ሊትር ብቻ ነው፤ ይህም የበርሜል ሩብ ነው። በመደርደሪያ ላይ ርካሽ የሚመስለው ሁለተኛው በርሜል ሲታሰብ ውድ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቁጠባው ሒሳብ ነው። ማሻሻያው ለእያንዳንዱ 100 ብር ናፍጣ 3 ብር የሚያስወጣ ከሆነ የራሱን ዋጋ ለመመለስ ብቻ ከመቶ 3 እጅ ያህል ናፍጣ ማዳን አለበት። ትርፍ የሚባለው ከዚያ በላይ ያለው ነው። ከመቶ 20 ወይም 30 እጅ ይቆጥባል የሚለው ማስታወቂያ ግን ሊታመን አይገባም። የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ መሣሪያዎችና ማሻሻያዎችን መርምሮ ጥቂቶቹ ብቻ፣ እነርሱም በትንሹ፣ ለውጥ እንዳመጡ አግኝቷል። ሞተሩን የሠራው ፋብሪካ በመመሪያ መጽሐፉ ስለ ማሻሻያ የሚለውን ማንበብም የግድ ነው። ያልፈቀደውን መጨመር የዋስትና መብትን ሊያሳጣ ይችላል። መለያው ላይ ለምን እንደሚሠራ፣ መጠኑ፣ የአምራቹ ስምና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ያልተጻፈበት ጠርሙስ ጨርሶ መገዛት የለበትም።

በራስ ማሳ ላይ መሞከር

ማኅበሩ አሁንም ማሻሻያውን ለማየት ከፈለገ በሰው ወሬ ሳይሆን በራሱ መሬት ሊፈትነው ይችላል። ዘዴው ቀላል ነው። አንድ ዓይነት አፈርና እርጥበት ያለው መሬት ይመረጣል። ትራክተሩ ማጠራቀሚያው እስከ አንገቱ ተሞልቶ አንድ ሄክታር በአንድ ማርሽ፣ በአንድ ጥልቀት፣ በአንድ ሾፌር ይታረሳል። ከዚያ ትራክተሩ በነበረበት ደልዳላ ቦታ ቆሞ የጎደለው በሊትር እየተለካ ይሞላል። ይህ ያለ ማሻሻያ ሦስት ጊዜ፣ ከማሻሻያ ጋርም ሦስት ጊዜ ይደረጋል። ውጤቱም በመዝገብ ይጻፋል።

ያለ ማሻሻያ የተደረጉት ሦስቱ ልኬቶች እርስ በርሳቸው የሚለያዩት በአንድ ሊትር ከሆነና ማሻሻያው ያሳየው ልዩነት ከአንድ ሊትር ያነሰ ከሆነ፣ ልዩነቱ የአፈሩ ወይም የመለኪያው ነው እንጂ የጠርሙሱ ነው ማለት አይቻልም። በአንድ ቀን ብቻ የተደረገ ሙከራም ማስረጃ አይሆንም።

የጭሱን ትርጉም ማወቅም ገንዘብ ያድናል። ጥቁር ጭስ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው አየር ማጣትን ነው። በሚያዝያና በግንቦት የሚነሣው አቧራ የአየር ማጣሪያውን ሲደፍነው፣ ወይም ማረሻው ከትራክተሩ ጉልበት በላይ ሲጠልቅ ይታያል። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣን ወይም ውኃን ያመለክታል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። የተደፈነ የአየር ማጣሪያን ወይም ያለቀ ፋሻን በጠርሙስ ማዳን አይቻልም።

በርሜሉን መያዝ

እንግዲህ ዋናው መድኃኒት የሚገኘው ማኅበሩ ደጃፍ ላይ ነው። በርሜሎች በጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ በጎናቸው ተጋድመው መቀመጥ ይኖርባቸዋል። ሲጋደሙ ሁለቱ ክዳኖች በአንድ መስመር በአግድም እንዲሆኑ ማድረግ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ናፍጣው ከውስጥ በኩል ክዳኖቹን ስለሚሸፍናቸው እርጥብ አየር አይሳብም። ማጋደም ካልተቻለ በአንድ ጎን ጉራጅ እንጨት ተደርጎበት ውኃ አናቱ ላይ እንዳይተኛ ዘንበል ማለት አለበት። ናፍጣ ሲሞቅ ስለሚነፋ በርሜሉን እስከ አፉ መሙላት አይገባም። 20 ዲግሪ ላይ የተሞላ 200 ሊትር ናፍጣ 40 ዲግሪ ሲደርስ ከ3 ሊትር በላይ ይጨምራል።

የፀረ አረም ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜል ለናፍጣ መዋል የለበትም። ውስጡ ዚንክ የተቀባ ዕቃም ከናፍጣ ጋር ተዋሕዶ ፊልትሮ የሚደፍን ነገር ስለሚያበጅ አይስማማም።

ከማደያ የመጣ በርሜል ከመቀዳቱ በፊት ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይነቃነቅ መርጋት ይገባዋል። የሚቀዳበት ቱቦ የበርሜሉን ሥር መንካት የለበትም፤ ከሥሩ አራት ጣት ያህል ከፍ ይበል። ከሥር የሚቀረው ናፍጣ ለብቻው ተጠራቅሞ፣ ረግቶና ተለይቶ ይታያል እንጂ ወደ ትራክተሩ አይገለበጥም። በነጠላ ወይም በሻሽ ማጥለል ብዙ ሰው ያደርገዋል። ሆኖም የጨርቁ ቀዳዳ ከአቧራው እጅግ የሰፋ በመሆኑ አቧራውን አያስቀርም፤ ውኃውንም አያግድም፤ የራሱንም ክር ይጨምራል። በእጅ የሚዞር ፓምፕና ፊልትሮ ያለው መቅጃ መግዛት ከብዙ ጠርሙስ ማሻሻያ ይሻላል። ናፍጣን በቱቦ በአፍ ስቦ መቅዳትም መቆም አለበት። ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ናፍጣ ሰውን እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል።

ለመፈተሽ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከበርሜሉ ሥር በንጹሕ ብርጭቆ ተቀድቶ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ጥሩ ናፍጣ ጥርት ያለ ነው። ከሥር ውኃ ከተለየ ወይም ናፍጣው እንደ እጥበት ውኃ ከደፈረሰ ወደ ትራክተሩ አይግባ። በትራክተሩም ላይ ሾፌሩ ሁልጊዜ ጠዋት ሞተር ከማስነሣቱ በፊት የውኃ መለያውን ከታች ከፍቶ ማፍሰስ፣ ማታ ሥራ ሲያበቃም ማጠራቀሚያውን መሙላት ይገባዋል። ሙሉ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጤዛ የሚሠራበት ባዶ ቦታ የለም።

የመሪዎች ድርሻ

ይህ ሁሉ የሾፌሩ ሥራ ብቻ ነው ብሎ መተው ትክክል አይሆንም። ትራክተር ሲቆም በመጀመሪያ የሚከሰሰው ሾፌሩ ነው። ናፍጣውን የገዛው፣ በርሜሉን በዝናብ ያቆመው፣ ፊልትሮ ይገዛ ሲባል ገንዘብ የከለከለው ግን ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለሆነም የማኅበሩ ኮሚቴ የናፍጣ መዝገብ መክፈት ይኖርበታል። በመዝገቡም ናፍጣው ከየትኛው ማደያ፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ሊትር እንደተገዛ፣ በብርጭቆ ሲፈተሽ ምን እንደታየ፣ ፊልትሮ መቼ እንደተለወጠ ይጻፋል። የበርሜሉ ክዳን ቁልፍ በአንድ ኃላፊነቱ በታወቀ ሰው እጅ ይሁን። ደረሰኝ ያለው ናፍጣ ችግር ሲያስከትል ማደያውን መጠየቅ ይቻላል። ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ግን ተጠያቂ የለውም።

በጀት ሲያዝም ቅደም ተከተሉ ይታወቅ። መጀመሪያ መለወጫ ፊልትሮ፣ ቀጥሎ ንጹሕ በርሜልና መቅጃ፣ ከዚያ ኖዝልና ፓምፕ በባለሙያ ማስፈተሽ፣ በመጨረሻም፣ ካስፈለገና የሞተሩ ፋብሪካ ከፈቀደ፣ የኖዝል ማጠቢያ ወይም ውኃ የሚለይ ማሻሻያ። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ማኅበሩ ጠርሙስ እየገዛ ፓምፕ ያሠራል።

ለዚህ ሥራ የሚመቸው ጊዜ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ያሉት ደረቅ ወራት ናቸው። በግንቦት በርሜሎቹን ገልብጦ ያጠበ፣ ጥላ የሠራ፣ ፊልትሮ ያከማቸና ኖዝሉን ያስፈተሸ ማኅበር ሰኔ ሲገባ ዓይኑ በሰማዩና በመሬቱ ላይ ይሆናል። ይህን ያላደረገው ግን ዝናቡ እየጣለ፣ ሠራተኛው ቆሞ እያየ፣ ሜካኒክ ፍለጋ ወደ ጎንደር ይጓዛል። የማኅበር መሪዎችም በሚቀጥለው ስብሰባቸው ይህን ጉዳይ በአጀንዳ ይዘው ማን በርሜሉን እንደሚያጥብ፣ ማን መዝገቡን እንደሚይዝ በስም መድበው ሊለያዩ ይገባል።